ሕክምናን የሚያግድ ትእዛዝ በቀዋዒድ ሚዛን፦ የ2020ው የቴክሳስ ክርክር ሂሳዊ ንባብ

በመድረሳዎቻችን ቀዋዒዱል ፊቅህ ሲሰጥ ደረሳው በቶሎ ከሚይዛቸው መርሆች አንዱ፣ የብዙኃኑን ጉዳት ለመከላከል ሲባል የጥቂቶቹ ጉዳት ይቻላል የሚለው ነው። በኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በተዘጋጀው የሕግ መድበል፣ በመጀለቱል አሕካሚል ዐድሊያ፣ ይህ መርሕ 26ኛው አንቀጽ ነው። ምሳሌውም እዚያው አብሮት ተቀምጧል፦ አላዋቂ ሐኪም ከሥራው ይታገዳል። መምህሩ ምሳሌውን ያነባል፣ ደረሳው ይደግመዋል፣ ደርሱም ወደሚቀጥለው አንቀጽ ያልፋል። እኔ መቆም የምፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው። ምሳሌው የሚያግደው አላዋቂውን ሐኪም ነው። መንግሥት በአደጋ ጊዜ ዐዋቂውን ሐኪም፣ ሕመምተኛው ራሱ ከፈቀደው ሕክምና ሲያግደውስ? ያው መርሕ አንዳች ሳይጨመርበት ይበቃ ይሆን?

የምሳሌው ምንጭ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ኢማሙ በነጻና ለአቅመ አዳም በደረሰ ሰው ላይ እገዳ (ሐጅር) መጣልን እጅግ ያጠበቡ ሊቅ ነበሩ፤ ገንዘቡን በከንቱ የሚበትነውን ሰው እንኳ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊያግዱት አልፈቀዱም። ሦስት ሰዎችን ግን ለይተው አወጡ፦ ሰዎችን ማምለጫ ብልሃት የሚያስተምር ደንታ ቢስ ሙፍቲ፣ አላዋቂ ሐኪም፣ እና የሚያከራየው ከብት ሳይኖረው ከመንገደኞች ኪራይ የሚቀበል የከሰረ አከራይ። የመዝሀቡ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያብራሩ የመጀመሪያው የሰዎችን ዲን፣ ሁለተኛው አካላቸውን፣ ሦስተኛው ገንዘባቸውን ያበላሻል ይላሉ። ኢማም ካሳኒ በበዳኢዑስ ሰናኢዕ አንድ ቁም ነገር አክለዋል፤ እዚህ ላይ እገዳ ማለት የሰውየውን ቃልና ውል ከንቱ ማድረግ አይደለም፣ በተግባር ከሥራው ማራቅ ነው እንጂ። ይህ ልዩነት በኋላ ያስፈልገናል።

እንግዲህ የምሳሌው ፍሬ ነገር ጉዳቱ ከሠሪው የሚመነጭ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ሲታገድ ሕመምተኛው ያተርፋል። በአደጋ ጊዜ የሚወጣው ትእዛዝ ግን ሌላ መልክ አለው። ሐኪሙ ዐዋቂ፣ ሕክምናው ትክክለኛ፣ ሕመምተኛውም ፈላጊ ሆኖ ሳለ፣ ሌሎች ሰዎች አልጋውን፣ ጭምብሉን ወይም ነርሱን ይሻሉና ሕክምናው ይቆይ ይባላል። እገዳው የሚጠቅመው አንድ ሰው፣ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም፤ በዘመናችን በተጻፉ ጽሑፎችና በሚነበቡ ኹጥባዎች ግን አንዱ መርሕ ሁለቱንም ያለ ልዩነት ሲሸከም እናያለን።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከመዘርዘር አንድ እውነተኛ ጉዳይ መመርመር ይሻላል። የአሜሪካዋን ግዛት ቴክሳስን የመረጥሁት ትእዛዙ አጭርና ግልጽ ስለሆነ፣ በፍርድ ቤት ስለተመረመረ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ትክክለኛውንና አጠራጣሪውን አጠቃቀም ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ነው።

አገረ ገዥው ግሬግ አቦት እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በግዛቲቱ በሙሉ የአደጋ ሁኔታ ዐወጁ። ሥልጣኑን የሰጣቸው በ1975 የወጣው የቴክሳስ የአደጋ ሕግ ነው። መጋቢት 22 ቀን ጂኤ-09 የተባለው ትእዛዝ ተከተለ። ይዘቱ እንዲህ ነበር፦ የሕመምተኛን ሕይወት ለማትረፍ ወይም ከባድ ሕመምን ለማስተካከል ወዲያውኑ አስፈላጊ ያልሆነ ማንኛውም ቀዶ ሕክምናና ተመሳሳይ የሕክምና ተግባር እስከ ሚያዝያ 21 ቀን ሌሊት ድረስ ይዘግይ። አስፈላጊነቱን የሚወስነው የሕመምተኛው ሐኪም ነው። የሆስፒታልን አቅም ወይም የመከላከያ ቁሳቁስን የማያሟጥጥ ሕክምና ከእገዳው ውጭ ነው። ትእዛዙን የጣሰ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮና እስከ 180 ቀን እስራት ይጠብቀዋል።

ይህን ጽሑፍ እንዳለ ወስዶ በፊቅህ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ሰው ብዙ የሚነቅፈው አያገኝም። እንዲያውም ዘመናዊ ትእዛዝ ከመሆኑ በስተቀር የሊቃውንቱን አከፋፈል የተከተለ ይመስላል። ኢማም ገዛሊ፣ በኋላም ኢማም ሻጢቢ፣ የሰውን ጥቅሞች ደሩሪያት፣ ሓጂያትና ተሕሲኒያት ብለው በሦስት ደረጃ አስቀምጠዋል፤ ትእዛዙም የሕይወትን ጉዳይ አስቀድሞ ሌላውን አዘግይቷል። ውሳኔውን ለባለሙያው መተዉ ደግሞ ቃዲዎች በሕመምና በጉዳት ጉዳይ የአህሉል ኺብራን ቃል የሚጠይቁበትን ልማድ ያስታውሳል። የመጨረሻ ቀን ማስቀመጡም በመጀላ 23ኛ አንቀጽ ካለው መርሕ ጋር ይስማማል፤ በምክንያት የተፈቀደ ነገር ምክንያቱ ሲወገድ አብሮ ይወገዳልና። በዚያ ወር በሆስፒታል ቀጠሮ የተያዘለት የሕፃን ግርዛት ቢዘገይ እንኳ፣ ግርዛትን ግዴታ የሚያደርጉት የሻፊዒይ ሊቃውንት ግዴታው የሚጸናው ከአቅመ አዳም በኋላ መሆኑን፣ ለደካማ ሕፃንም ማዘግየት እንደሚገባ ስለሚናገሩ፣ ቅሬታ የሚያስነሳ ነገር አልነበረም።

ለመሪ በወረርሽኝ ጊዜ ሰዎችን የመገደብ ሥልጣን መኖሩም አያከራክርም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኙ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥለው አንሷሮችን፣ ከዚያም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማክረው ሰዉን ይዘው ተመልሰዋል። አቡ ዑበይዳ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ፊት ለፊት ተቃወሟቸው፤ መልስ ሰጧቸው እንጂ ዝም በል አላሏቸውም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ባደረገው 7ኛ ጉባኤ፣ በ67ኛ ውሳኔው፣ ሕክምናን መተው ነፍስን ወይም አካልን የሚያጠፋ ከሆነ፣ ወይም በሽታው ወደ ሌላ የሚተላለፍ ከሆነ፣ መታከም ግዴታ እንደሚሆን ገልጾ፣ ለመሪው በተላላፊ በሽታና በክትባት ጉዳይ ሰዎችን የማስገደድ ሥልጣን ሰጥቷል። ይሁንና ልብ እንበል፤ ዑመር የገደቡት ጉዞን ነው፣ የጅዳው ውሳኔ የሚናገረውም ሰውን እንዲታከም ስለማስገደድ ነው። ሰው እንዳይታከም ስለመከልከል ሁለቱም አይናገሩም። ሁለቱን ማስረጃዎች ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅስ ሰው ቂያስ እያደረገ ነውና ዒላውን ማሳየት ይጠበቅበታል።

ወደ ቴክሳስ እንመለስ። ትእዛዙ በወጣ ማግስት፣ መጋቢት 23 ቀን፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኬን ፓክስተን መግለጫ አወጡ። የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ለመጠበቅ የማያስፈልግ ጽንስ ማቋረጥ ሁሉ በእገዳው ውስጥ ይገባል አሉ። ክሊኒኮቹ ከሰሱ። መጋቢት 30 ቀን ሊ ያኬል የተባሉ የፌዴራል ዳኛ እገዳው በጽንስ ማቋረጥ ላይ እንዳይፈጸም ለጊዜው አገዱ። ሚያዝያ 7 ቀን የአምስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ ያንን ሻረው። መግለጫውን የሚደግፉት፣ ጽንስ ማቋረጥም እንደማንኛውም ሊዘገይ የሚችል ሕክምና ጓንትና ጭምብል ይፈጃል፣ አንዱ ተለይቶ ነጻ ሊወጣ አይገባም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አብዛኛው ከሆስፒታል ውጭ ይፈጸማል፣ የሚፈጀውም ቁሳቁስ ጥቂት ነው፣ በክኒን የሚደረገውማ ቀዶ ሕክምና ሊባል አይችልም፣ እርግዝናው ሲቀጥልም ክትትልና ወሊድ ከዚያ የበለጠ ቁሳቁስ ይጠይቃል ብለው ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ አንባቢው፣ በተለይ ኢማም የሆነው አንባቢ፣ አንድ ነገር በልቡ እንደሚያስብ እገምታለሁ፦ ጽንስ ማቋረጥ በእኛ ዘንድ የተጠላ ወይም የተከለከለ ነው፤ ታዲያ ቢከለከል ምን ይጎዳናል? ጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። የሊቃውንቱ ልዩነት የታወቀ ነው። ሩሕ ከተነፋ በኋላ፣ ማለትም ከ120 ቀን በኋላ፣ ክልክልነቱ የጋራ አቋም ነው፤ የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎችም የሚለዩት የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ከሐነፊያ መካከል የፈቀዱ፣ ምክንያት የጠየቁም አሉ፤ በማሊኪያ ዘንድ የሚታመንበት አቋም ከ40 ቀን በፊት እንኳ ክልክል መሆኑ ነው፤ ገዛሊም ከመጀመሪያው ነቅፈውታል። የፈለጉትን አቋም ይያዙ። በጣም ጥብቁን የያዘ ሰው እንኳ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። መሪው ለጭምብል ሲባል የተሰጠውን ሥልጣን ለጭምብል ተጠቀመበት ወይስ ለሌላ?

ይህን ጥያቄ የማነሳው ከውጭ ባመጣሁት መለኪያ አይደለም። መሪ በሕዝብ ላይ የሚፈጽመው ሥራ በመስለሓ የታሠረ ነው የሚለው መርሕ በመጀላ 58ኛው አንቀጽ ነው፤ ሱዩጢ በአልአሽባህ ወን-ነዛኢር ምንጩን ወደ ኢማሙ ሻፊዒይ መልሰው፣ መሪ ለሕዝቡ እንደ የቲም ሞግዚት ነው የሚለውን ንጽጽራቸውን ያነሳሉ። ሞግዚት የየቲሙን ገንዘብ ለልብሱ ብሎ አውጥቶ ለመልካም ዓላማ፣ ለመስጊድ ግንባታ እንኳ፣ ቢያውለው ይጠየቃል። መስጊድ መሥራት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ገንዘቡ የወጣው በልብስ ስም ስለሆነ ነው። በአደጋ ስም የተወሰደ ሥልጣንም እንዲሁ ነው። ጽንስ ማቋረጥን መከልከል የሚሻ መንግሥት በመደበኛ ሕግ፣ በግልጽ ክርክር፣ በስሙ ጠርቶ ይሞክር። የአደጋን ትእዛዝ ለዚያ ማዋል ግን ነገ ሌላ ገዥ ያንኑ መንገድ ለሌላ ዓላማ፣ ምናልባትም እኛ ግዴታ ለምንለው ነገር ክልከላ፣ እንዲጠቀምበት በር ይከፍታል። ሊቃውንቱ ሰድ-ዱዝ-ዘራኢዕ የሚሉትን የግለሰብን በር ለመዝጋት ብቻ የምንጠቀምበት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የገዥም በር አለ።

የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የቆመበት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1905 የተሰጠው የጄኮብሰን ውሳኔ ነው። በዚያ ጉዳይ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬምብሪጅ ከተማ፣ አንድ ሰው የፈንጣጣ ክትባት አልከተብም ብሎ 5 ዶላር ተቀጥቶ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀጮውን አጸና። ከዚያ የተወሰደው መለኪያ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የአደጋ ጊዜ እርምጃ ከሕዝብ ጤና ጋር እውነተኛ ግንኙነት እስካለው ድረስ፣ መብትንም ለጥርጣሬ ቦታ በማይተው ሁኔታ በግልጽ እስካልጣሰ ድረስ፣ ዳኛ አይነካውም። በቀዋዒድ ዓይን ሲታይ የዚህ መለኪያ ጉድለት አንድ ነገር ነው፤ ግንኙነት መኖሩን ይጠይቃል እንጂ ልኩን አይጠይቅም። በመጀላ 22ኛው አንቀጽ ደሩራ በልኩ እንደሚመጠን ይደነግጋል። ጭምብል በሚፈጅ ሕክምናና በማይፈጅ ሕክምና መካከል የማይለይ ብያኔ ግንኙነትን አሳይቶ ልክን ዘሎ አልፏል። የመቀጮና የክትባት ጉዳይ ከሕክምና ክልከላ ጋር መመሳሰሉም አጠያያቂ ነው። 5 ዶላር የከፈለው ሰው ሳይከተብ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ሕክምና የተከለከለ ሰው ግን በመቀጮ የሚገዛው አማራጭ የለውም።

ማዘግየት ከመከልከል ይለያል የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ለአንዳንዱ ሕክምና ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። የጉልበት ቀዶ ሕክምና በአንድ ወር ቢዘገይ ሕመሙ ይቀጥላል እንጂ ዕድሉ አያልፍም። የሚያድግ ዕጢና በሳምንታት የሚቆጠር ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ራሱ ይህን አልሳተውም፤ በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ትእዛዙ ከማብቃቱ በፊት ሕጋዊው የጊዜ ገደብ የሚያልፍባቸውን ሴቶች ጉዳይ ከእገዳው ውጭ ትቶታል። በእኛ ፊቅህ የ40 እና የ120 ቀን ድንበሮች ስላሉ ጊዜ ራሱ ሑክምን እንደሚለውጥ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከሲያሳ ሸርዒያ ወገን የሚነሳውን ጠንካራ ተቃውሞ አልዘልም። በመጋቢት 2020 ማንም ሰው እርግጠኛ አልነበረም፤ ጭምብል ጠፍቶ ነበር፤ መሪ እርግጠኝነት እስኪያገኝ ከጠበቀ ሰው ያልቃል፤ ስለዚህ ዳኛም ሆነ ፈቂህ ከኋላ ሆኖ ሊለካበት አይገባም ይባላል። እውነትነት አለው። ገዛሊ በሙስተስፋ ብቻውን ለሚቆም መስለሓ ደሩሪ፣ ቀጥዒና ኩሊ መሆንን፣ ማለትም የግድ አስፈላጊነትን፣ እርግጠኝነትንና ሁሉን አቀፍነትን ይጠይቃሉ፤ በወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ እርግጠኝነትን መጠየቅ ከአቅም በላይ ነው፤ በመሪ አስተዳደር ውስጥ ገሊቡዝ ዞን፣ ያመዘነ ግምት፣ ይበቃል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ነገር ግን የገዛሊ ሌላ ምሳሌ እዚያው አጠገብ አለ። መርከብ ልትሰጥም ሳለ አንዱ ወደ ባሕር ቢጣል ሌሎቹ ይተርፋሉ ቢባል፣ በዕጣም ቢሆን አይጣልም ይላሉ፤ የጥቂት ሰዎች መትረፍ የኡማው ሁሉ ጉዳይ አይደለምና። ሕክምና መከልከል ሰውን ወደ ባሕር መወርወር አይደለም፤ ንጽጽሩን እስከዚያ አልስበውም። የምወስደው ይህን ነው፦ የብዙኃኑ ቁጥር መብለጥ ብቻውን የጥቂቱን ጉዳት አያጸድቅም። 26ኛውን አንቀጽ ብቻውን የሚያነብ ሰው ግን ያጸድቃል ብሎ ይወጣል።

ያመዘነ ግምት ይበቃል ያለ ሰውም ግምቱ በምርመራ መደገፉን ማየት አለበት። መመጠን ይቻል እንደነበር የመሰከረው የቴክሳስ የራሱ ታሪክ ነው። ጂኤ-09 ሲያበቃ ሚያዝያ 22 ቀን በሥራ ላይ የዋለው ጂኤ-15፣ የአቅማቸውን 25 በመቶ ለኮሮና ሕሙማን የሚያስቀምጡና ከመንግሥት የመከላከያ ቁሳቁስ የማይጠይቁ ተቋማት ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ሰኔ 25 ቀን ወረርሽኙ ሲያገረሽ ደግሞ ያው አገረ ገዥ ሊዘገይ የሚችልን ቀዶ ሕክምና ያገዱት በሆስፒታሎች ብቻ፣ ያውም በአራት አውራጃዎች ብቻ ነው፦ በቤክሳር፣ በዳላስ፣ በሃሪስና በትራቪስ። አልጋ በሞላበት ቦታ፣ አልጋ ለሚይዘው ሕክምና። የመጀመሪያው ትእዛዝ በወጣበት ሳምንት መረጃ እንዳልነበረ እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ የሰኔው ትእዛዝ ካለ በኋላ ልኬት በአደጋ ጊዜ አይሞከርም የሚል ማስረጃውን ያምጣ።

በጥር 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ክርክር የተሰጡትን የይግባኝ ውሳኔዎች ትእዛዙ ጊዜ አልፎበታልና ሽሯቸዋል። ለአሜሪካ ጠበቆች ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። ለእኛ ግን አልተዘጋም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 93ኛ አንቀጽ የሕዝብን ጤንነት የሚያሰጋ በሽታን ከአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ምክንያቶች ይቆጥራል፤ በዚህም መሠረት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጥቷል። ያው አንቀጽ በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉ አንቀጾችን ሲዘረዝር 1፣ 18፣ 25 እና የ39ን ሁለት ንዑሳን አንቀጾች ብቻ ይጠራል፤ የጤና አገልግሎት የተጠቀሰበት 41ኛው አንቀጽ በዝርዝሩ የለም። ሕክምናን የሚያግድ ትእዛዝ ነገ ቢመጣ ጥያቄው ወደ መስጊድ መምጣቱ አይቀርም፤ ጠያቂዎቹም ሐኪሞችና ነርሶች ይሆናሉ።

ለእነርሱ መልስ ስንፈልግ የካሳኒ ማብራሪያ ይጠቅማል። እገዳው ከሥራ ማራቅ እንጂ ሥራውን ከንቱ ማድረግ ካልሆነ፣ ትእዛዙን ጥሶ ያከመ ዐዋቂ ሐኪም መሪው በታዕዚር ሊቀጣው ቢችልም፣ በሕመምተኛው ፈቃድና በሙያው ወግ እስካከመ ድረስ በሕመምተኛው በኩል የደማን ተጠያቂነት አይመጣበትም። የሚከብደው ተቃራኒው ነው። ትእዛዙን ፈርቶ ያላከመ፣ ሕመምተኛውም የሞተበት ሐኪምስ? አብዛኞቹ ሊቃውንት በመተው ብቻ ደማን አያስከትሉም። ማሊኪያ ግን ከዚህ ይለያሉ። ኸሊል በሙኽተሰራቸው ሆዱ የተቀደደ ሰው ቁስሉ የሚሰፋበት ክር አጥቶ ሳለ፣ ትርፍ ክር ያለው ሰው ቢከለክለውና ቢሞት ከልካዩ ተጠያቂ መሆኑን አስፍረዋል። የቴክሳሱ ትእዛዝ ሕይወት አድን ሕክምናን ከእገዳው ውጭ ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድንበሩ ላይ የቆመው ሐኪም፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ይሁን አይሁን በሰዓታት ውስጥ የሚወስነው፣ በአንድ በኩል 180 ቀን እስራት አለበት፣ በሌላ በኩል ምንም። ትእዛዙ ለሚሠራው ቅጣት አስቀምጧል፤ ፈርቶ ለሚመልሰው ያለው ቃል የለም። በማሊኪያ ዘንድ የክሩ ባለቤት የሚጠየቀው ግን ስለከለከለ ነው፤ ክሩን እንዲከለክል ያዘዘው ባለሥልጣን ድርሻውን ይሸከም እንደሆነ ደግሞ በማስገደድ (ኢክራህ) ምዕራፍ ስር ገና መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው።